በሩ ክፍት በነበረ ጊዜ

ከአስመራ ምጽዋ 115 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ በነፋሲትና በጊንዳዕ እየተጠማዘዘ ከደጋ ብርድ ያወርድና ቀይ ባሕር ዳር ያደርሳል። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እኔና ባለቤቴ በዚህ መንገድ ስንወርድ ሹራባችንን ጊንዳዕ ላይ አወለቅን። አዲስ አበባና አስመራ ከሃያ ዓመት በኋላ በአውሮፕላን የተገናኙት ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት፣ ሐምሌ 11 ቀን ነበር። ደስታው ገና አልበረደም።

ባሕሩ ላይ በተደለደለው መንገድ ጥዋለት ደሴት ገባን። የቤተ መንግሥቱ ጉልላት በ1982ቱ ጦርነት እንደተመታ ነው። በዚያው ደሴት ሦስት ታንኮች ለመታሰቢያ ቆመዋል። ወደ አሮጌው ከተማ ተሻግረን በሼክ ሐነፊ መስጊድ በኩል በጠባቦቹ መንገዶች ተንከራተትን። ቤቶቹ የተሠሩት ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ነው። ልስኑ በረገፈበት ሁሉ የዛጎሉ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባለቤቴ አንዱን ግድግዳ በጣቷ እየዳሰሰች ብዙ ቆየች።

ወደቡ አጠገብ ሻይ የሚሸጡ እናት አማርኛችንን ሰምተው ጠሩን። በ1990ዎቹ ጦርነት ከኢትዮጵያ የተባረሩ ናቸው። እኅታቸው ደሴ ቀርተዋል።

«አደይ፣ ታዲያ ለምን አይሄዱም? መንገዱ እኮ ተከፍቷል» አለቻቸው ባለቤቴ።

«እሄዳለሁ እንጂ ልጄ! አሁን ግን ብርዱ ሊገባ ነው፤ ምጽዋ ሰው የሚመጣው በዚህ ወቅት ነው። ትንሽ ልሥራና ለፋሲካ በዛላምበሳ በአውቶቡስ እገባለሁ።»

ማናችንም «አሁኑኑ ይሂዱ» አላልናቸውም። ምን አስቸኮለን? መስከረም 1 ቀን የሁለቱ አገሮች መሪዎች በቡሬና በዛላምበሳ ተገኝተው ድንበሩን ከፍተዋል፤ ሰዉ ፓስፖርት ሳይጠየቅ ይሻገራል። «መቀሌ» የተባለችው መርከባችንም ዚንክ ልትጭን ምጽዋ ወደብ ገብታ ነበር። ሌላው ሁሉ ተከትሎ የሚመጣ መስሎን ነበር።

ያ ታኅሣሥ ሳያልቅ ዛላምበሳ ተዘጋ። ፋሲካ ሲደርስ አውቶቡስ አልነበረም። ቀጥሎ የመጣው የትግራይ ጦርነት ደግሞ ያንን መንገድ እንዳለ በላው።

ቆሽቴን የሚያሳርረው ይህ ነው። ድንበሩ ሲከፈት የጉምሩክ ደንብ፣ የብርና የናቅፋ ምንዛሪ፣ የመግቢያና የመውጫ ሥርዓት ተበጅቶለት ቢሆን ኖሮ በአንድ ጀምበር ለመዝጋት ይከብድ ነበር። በወረቀት ያልሰፈረን ነገር ማን ፈረሰ ብሎ ይሟገትለታል? እቅፍና ፎቶግራፍ ሞልቶ ነበር። የጎደለው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ አንቀጽ በአንቀጽ መጻፍ ነበር፤ ለዚያ ደግሞ ጊዜም፣ የሕዝብ ፈቃድም፣ የዓለም ድጋፍም ነበረ። እንዲያ ያለ ዕድል በአንድ ትውልድ ስንት ጊዜ ይገኛል?

ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. በረራውም ተቋረጠ። ዛሬ ስለ ቀይ ባሕር ሲወራ ወሬው ሁሉ የጦር ነው፤ እነዚያ እናት ግን የፈለጉት ለፋሲካ ደሴ መግባት ነበር።