ለሩቅ ዒላማ የትኛው ጥይት?

የእህቴ ልጅ ባለፈው ሳምንት ከዴንቨር ደውሎ «ጋሼ፣ እስከ 1000 ያርድ ለመተኮስ የትኛውን ጥይት ልምረጥ?» አለኝ። ሥራ ላይ ስለነበርኩ «6.5 ክሪድሞር ያዝ» ብዬው ስልኩን ዘጋሁት። ምክንያቱን ሳልነግረው መልሱን ብቻ መስጠቴ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እየከነከነኝ ነው። ከጠመንጃው አስቀድሞ ስለ ጥይቱ የጠየቀ ልጅ ረዘም ያለ መልስ ይገባዋል። አሜሪካ ውስጥ ዒላማ መተኮስ የጀመራችሁ ወንድሞችና እህቶችም እንድታነቡት ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

እኔ የጀመርኩት በስሕተት ነው። አያቴ ምንሽር ነበራቸው፤ ቤታችን ውስጥ ስለ ጠመንጃ ከተወራ የሚወራው ስለ ጉልበቱ ነበር። እዚህ አገር መጥቼ የመጀመሪያዬን ስገዛም ጉልበት ፈልጌ .300 ዊንቸስተር ማግነም መረጥኩ። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣ፣ ሩቅ የሚሄድ ጥይት ነው፤ ክፉ ስም አላወጣለትም። ሆኖም ትከሻን የሚመታው ከ6.5ቱ እጥፍ ያህል ነው። ሃያኛው ተኩስ ላይ ስደርስ ቃታውን ገና ሳልስበው ሰውነቴ ይኮማተር ነበር። ከዚያ የባሰው ደግሞ ጠመንጃው ሲዘል ዒላማው ከመነጽሩ ውስጥ ይጠፋብኛል፤ አረሩ የት እንዳረፈ አላይም። ያረፈበትን ያላየ ሰው የሚቀጥለውን በምን ያርማል? ሁለት ዓመት እንዲሁ አለፈብኝ።

ልጄ፣ ይህን ስማኝ። ሩቅ ለመምታት አስቸጋሪው የጥይቱ መውረድ አይደለም። ጠመንጃህን 100 ያርድ ላይ ካስተካከልክ በኋላ 1000 ያርድ ላይ፣ ማለትም 914 ሜትር ላይ፣ .308 ዊንቸስተር በ175 ግሬን አረር 10 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ 6.5 ክሪድሞር በ140 ግሬን አረር 8 ሜትር ገደማ። ቁጥሩ ያስደነግጣል እንጂ ርቀቱን ካወቅህ የመነጽሩን ማስተካከያ ታዞራለህ፣ በቃ። የመሬት ስበት ዛሬም ነገም ያው ነው።

ነፋስ ግን ያው አይደለም። አንተ የተኛህበት ቦታ ጸጥ ብሎ መሐል ሜዳው ላይ ሣሩ ወደ ግራ ይተኛል፤ ዒላማው አጠገብ ያለው ባንዲራ ደግሞ ወደ ቀኝ ይውለበለባል። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ .308ቱን ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ፣ 6.5ቱን አንድ ሜትር ከ80 ገደማ ይገፋዋል። አሁን ግምትህን በሰዓት 1.6 ኪሎ ሜትር ብቻ ተሳሳት እንበል፤ ሰው ቀስ ብሎ ሲራመድ ካለው ፍጥነት ሲሶው ነው። .308ቱ 25 ሴንቲ ሜትር ይስታል። የ1000 ያርዱ መደበኛ ዒላማ ባለ 10 ነጥብ ክቡ 20 ኢንች ስፋት አለው፤ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው። .308ቱ ጠርዙ ላይ ሲንጠለጠል 6.5ቱ በዚያው ስሕተት ገና ክቡ ውስጥ ነው። አረሩ ቢቀልም ቀጭንና ረዥም ስለሆነ አየሩን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ፍጥነቱም ቶሎ አይደክምም። (እነዚህ ቁጥሮች ለባሕር ጠለል አካባቢ ናቸው። ዴንቨር 1600 ሜትር ላይ ስላለች አየሩ ሳሳ ይላል፤ አረሩ የሚወርደውም የሚገፋውም ያንሳል። ደብረ ብርሃን ቢሆን ኖሮ ከዚያም ያንስ ነበር።)

የክሪድሞርን ስም ታሪክ ደግሞ ስለምወደው ልንገርህ። ክሪድሞር ኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ ላይ የነበረ የተኩስ ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1874 ስድስት አየርላንዳውያንና ስድስት አሜሪካውያን በ800፣ በ900 እና በ1000 ያርድ ተወዳደሩ። አየርላንዳውያኑ በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ፣ አሜሪካውያኑ ከኋላ የሚጎርስ ሬሚንግተንና ሻርፕስ ይዘው ነበር። ከአየርላንዳውያኑ አንዱ፣ ሚልነር፣ መሐሉን መታ፤ ግን የሌላ ሰው ዒላማ ነበርና ዜሮ ተሰጠው። የመጨረሻው ጥይት ሲቀር አየርላንድ በ931 ለ930 ትመራ ነበር። የቀረው ተኳሽ ኮሎኔል ጆን ቦዲን የጠጅ ያህል የሚፈላ የዝንጅብል መጠጥ ጠርሙስ እጁ ላይ ፈንድቶ ቆርጦት ነበር። የሚደማ እጁን በመሐረብ አስሮ ተኛ፣ ተኮሰ፣ መሐሉን መታ፤ አራት ነጥብ። 934 ለ931።

በክሪድሞር ስም የሚጠራውን ጥይት የጥይት አምራቹ ሆርናዲ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲያወጣ የፈለገው ጉልበት አልነበረም። ቀለሁን አጠር አድርጎ ረዥሙ አረር ካዝና ውስጥ እንዲገባ፣ ተወዳዳሪውም ቤቱ ጥይት መሙላት ሳይኖርበት ከሱቅ ገዝቶ እንዲተኩስ ነው ያሰበው። እኔን ያሳመነኝ ደግሞ ምቱ ቀላል መሆኑ ነው። ቃታውን ስትስብ ዒላማው መነጽሩ ውስጥ ይቆያል፤ አረሩ ያነሳውን አቧራ በዓይንህ ታያለህ።

.308ቱን ግን አትናቅ። በርሜሉ 5000 ጥይት ያህል ይቆያል፤ የ6.5ቱ ግማሹን ያህል። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ጥይቶቹ ነፋስን ከ.308ቱ ይበልጥ ይችላሉ፣ በርሜል ግን ቶሎ ይበላሉ፤ ገና ለጀመረ ሰው አልመክርም። ኤፍ ቲአር በሚባለው የውድድር ክፍል መግባት ካማረህ ደግሞ የሚፈቀዱት .308 እና .223 ብቻ ናቸው፤ ያኔ ምርጫው ተመርጦልሃል። ስለ ዋጋ ረዥም አላወራም፦ ለጠመንጃው ካሰብከው ላይ ቀንስና ለጥይት አስቀር። በወር መቶ የማትተኩሰው ጠመንጃ ምንም አያስተምርህም።

በሚቀጥለው ወር ስመጣ የኔን 6.5 አመጣለሁ፤ አንተ እስክትሞክረው ምንም አትግዛ። ጠዋት በ12 ሰዓት ሜዳው ላይ እንገናኝ። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ጥይት አናጎርስም፤ ምንጣፉ ላይ ተኝተን በመነጽሩ ሣሩን እናያለን፣ አንተም ነፋሱ ስንት እንደሆነ እየጮህክ ትነግረኛለህ።