ከኋላዬ ያለው መቀመጫ

ስፓይደር ኤፍ3 እና ስፓይደር አርቲ የተባሉት የካን-አም ባለሦስት ጎማ ሞተር ሳይክሎች ጎን ለጎን ሲቆሙ የአንድ ፋብሪካ ሥራ አይመስሉም። ኤፍ3 ዝቅ ያለ ነው፤ እግርን ወደ ፊት አስዘርግቶ፣ ደረትን ለነፋስ ሰጥቶ ያስኬዳል። አርቲ ደግሞ ከፊት ሰፊ መስታወት፣ የዕቃ ሣጥኖችም ደርቦ ነጂውን ቀና አድርጎ ያስቀምጣል። ውስጣቸው ግን አንድ ነው። ሁለቱንም የሚያንቀሳቅሳቸው ባለሦስት ሲሊንደር፣ 1,330 ሲሲ፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው የኦስትሪያው ሮታክስ ሞተር ነው። ስለዚህ ከስፖርቱና ከረጅም መንገዱ የቱ ይሻላል ብሎ የሚጨነቅ ሰው ጉልበታቸውን ማወዳደሩ ብዙም አይረዳውም። ሊጠይቅ የሚገባው ሌላ ነው፤ ሰውነቴ በምን ዓይነት አቀማመጥ፣ ለስንት ሰዓት፣ ከማን ጋር ይጓዛል? እኔን ያስጨነቀኝ ይኼኛው የመጨረሻው ነበር። ለማንም ያልነገርኩትም እሱኑ ነው።

የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ ነድቻለሁ። ልጆቼን ያሳደግኩበት፣ አገር ቤት ያሉትን የደገፍኩበት ሥራ ስለሆነ አላማርረውም። ነገር ግን ይህን ያህል ዘመን ከኋላው ሰው አስቀምጦ የኖረ፣ ጀርባው ራሱ ጆሮ ያወጣል። ተሳፋሪው ተመችቶታል? ቸኩሏል? ስልክ ሊያወራ ነው፣ ሬዲዮውን ልቀንስለት? ከሥራ ስወጣ ደግሞ ልጆቹ ከኋላ ይሳፈራሉ፤ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ኳስ ሜዳ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን። ልጆቹ አድገው ከቤት ሲወጡ ነው ባለሁለት ጎማ ሞተር ሳይክል የገዛሁት። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አስነስቼ ስወጣ የሚሰማኝን እፎይታ ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። ትንሽ ቆይቶ ባለቤቴ አብራኝ መውጣት ጀመረች። እኔም ዳር ዳር ሳልል ሄልሜት ገዛሁላት።

ከዚያ የግራ ጉልበቴ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ቁስሉ ከዳነ በኋላም መብራት ላይ ስቆም፣ ያን ሁሉ ክብደት ከነባለቤቴ በአንድ እግር ደግፎ ማቆየት ያስፈራኝ ጀመር። ሸጥኩት። ወደ ሦስት ጎማ ያመጣኝ ይኸው ነው፤ በራሱ የሚቆም ነገር መፈለግ።

ወዳጆቼ ሁሉ የመከሩኝ አንድ ዓይነት ምክር ነበር። አብሮኝ ታክሲ ይነዳ የነበረ አንድ ወጣት፣ «ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ ስፖርቱ ምን ያደርግልዎታል? አርቲውን ይያዙና እትዬን ከኋላ አስቀምጠው ዘና ብለው ይሂዱ» አለኝ። ልክ ነህ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩለት። ልቤ ግን ከኤፍ3 ዓይነቶች ስፖርቱ በሆነው በኤፍ3-ኤስ ላይ አርፏል። በፎቶ ባየሁት ቁጥር ዓይኔ የሚሄደው ወደ አንድ ቦታ ነው። ከነጂው ኋላ ያለችው መቀመጫ ጠባብ ናት፤ መደገፊያ የላትም፤ ማንንም ና ተሳፈር አትልም። ያማረኝ ይህ ነበር። በትዳሬ ቅሬታ የለኝም፤ ባለቤቴን እወዳታለሁ። ሆኖም ቀሪ ዘመኔን ከኋላዬ ማንም በሌለበት ነገር ላይ መሄድ መመኘቴን ለራሴ እንኳ ደፍሬ አልነገርኩትም። የአርቲው ሰፊ የኋላ መቀመጫና ሻንጣው፣ አንድ ተጨማሪ ታክሲ ሆኖ ታየኝ።

ስፓይደርን በካን-አም ስም የሚሠራው ቢአርፒ የተባለው ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱ ካናዳ ውስጥ፣ ኬቤክ፣ ቫልኩር በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የበረዶ ሞተርን ለዓለም ካስተዋወቁት ሰዎች አንዱ የሆነው ጆሴፍ-አርማን ቦምባርዲዬ የዚያች ከተማ ሰው ነበር። ሁለት ጎማ ከፊት፣ አንድ ጎማ ከኋላ የሆነውን ቅርጽ ያየ ሰው፣ ሁለት መንሸራተቻ ከፊት ያለውን የበረዶ ሞተር ማስታወሱ አይቀርም። የመጀመሪያው ስፓይደር እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ቀረበ። አርቲ የ2010 ሞዴል ሆኖ መጣ፤ ኤፍ3 ደግሞ የ2015።

ባለሁለት ጎማ ለምዶ የመጣ ሰው እዚህ ብዙ ነገር መርሳት አለበት። ሁለት ጎማ ላይ ኩርባ ሲመጣ ሰውና ሞተር ሳይክል አብረው ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ። ስፓይደር አያዘነብልም። መሪውን ወደምትሄድበት ታዞራለህ፤ ሰውነትህ ግን ወደ ውጭ ይገፋል፤ ስለዚህ በወገብህና በጉልበትህ ራስህን መያዝ ይኖርብሃል። የእጅ ፍሬን የለም። ሦስቱንም ጎማ የሚይዘው በቀኝ እግር የሚረገጥ አንድ ፍሬን ነው፤ ቀኝ እጄ የሌለውን ፍሬን እየፈለገ ብዙ ጊዜ ባዶ ጨብጧል። ፍሪሲዮንም የለም፤ ማርሽ የሚጨመረው በግራ አውራ ጣት ነው፤ ፍጥነት ሲቀንስ ራሱ ይቀንሳል። ወደ ኋላ መሄጃ ማርሽ መኖሩ ለጉልበቴ ትልቅ እረፍት ነው። ከቦሽ ጋር የተሠራው የመረጋጊያ ሥርዓት ደግሞ ኩርባ ላይ ከመጠን በላይ ከፈጠንክ ኃይል ይቀንስብሃል፣ ጎማውን ለይቶም ፍሬን ይይዛል። እምብዛም የማይነገረውን አንድ ነገር ልጨምር። ባለሁለት ጎማ ነጂ ዘይትና ቆሻሻ የሚጠራቀምበትን የመስመሩን መሐል ሸሽቶ ወደ አንድ ጎን መሄድ ይችላል። ባለሦስት ጎማው አይችልም፤ የፊቶቹ ግራና ቀኝ ሲሄዱ የኋላው ሁልጊዜ መሐሉን ይረግጣል። ጉድጓድም ሲመጣ በሁለቱ ጎማ መሐል አሳልፈዋለሁ ማለት አይሠራም።

ይህን ሁሉ የተማርኩት ለባለሦስት ጎማ ተብሎ በሚሰጥ ሥልጠና ላይ ነው። ቨርጂኒያ ለዚህ የተለየ ፈቃድ አላት፤ ኤም3 ይባላል። ማንም ቢሆን ሳይሠለጥን እንዳይገዛ አጥብቄ እመክራለሁ፤ በተለይ ለረጅም ዓመት ሁለት ጎማ የነዳ።

ከመግዛቴ በፊት ሁለቱንም ተከራይቼ ስካይላይን ድራይቭ ላይ ነዳኋቸው። ከፍሮንት ሮያል ተነስቶ እስከ ሮክፊሽ ጋፕ የሚዘልቅ፣ በሸናንዶዋ ፓርክ የተራራውን ጫፍ ጫፉን ይዞ የሚሄድ 105 ማይል መንገድ ነው። የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል ነው። በዚያ ፍጥነት ስፖርት ሞዴል ይፈተናል ወይ የሚል ይኖራል። ለእኔ የተሻለ ቦታ አልነበረም። በዝግታ ስትሄድ የሞተሩ ጉልበት ይረሳና አቀማመጥህ ይጋለጣል።

ኤፍ3-ኤስን ብቻዬን ይዤ ወጣሁ። የጠዋቱ ደስታ ሙሉ ነበር። የእግር ማሳረፊያው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚስተካከል ጉልበቴን ያለ ሕመም ዘረጋሁ። መሬቱ ቅርብ ነው፤ ኩርባው በመሪው ውስጥ ይሰማል፤ ከኋላዬ ዝምታ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን እግር ወደ ፊት ሲዘረጋ የሰውነት ክብደት በሙሉ ታችኛው ወገብ ላይ እንደሚያርፍ ተረዳሁ። ወደ ቤት ስመለስ አውራ ጎዳና 66 ላይ ነፋሱ ደረቴን እየገፋው ክንዴ ዛለ። ዕቃ መያዣውም ከፊት ያለችው 24 ሊትር ገደማ የምትይዝ ብቻ ናት፤ ጃኬቴን ሳወልቅ የት ላድርገው? ይህን ሁሉ አይቼም ምርጫዬ አልተናወጠም። ወገቤ ይልመደው አልኩ።

አርቲውን የተከራየሁት ለባለቤቴ ስል ነበር፤ ቢያንስ እንደዚያ ነበር የማስበው። ሊሚትድ የሚባለው ነው፤ ሣጥኖቹ ሲደመሩ 177 ሊትር ይይዛሉ። የነፋስ መከላከያው በቁልፍ ከፍና ዝቅ ይላል። የነጂውም የተሳፋሪውም እጀታ ይሞቃል። እዚያው ስካይላይን ድራይቭ ላይ ከባለቤቴ ጋር ስንሄድ፣ ከሜሪስ ሮክ ዋሻ አለፍ ብሎ ካለ ማረፊያ ላይ ቆምን። ሻይ ከፔርሙዝ እየቀዳች፣ «አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳትቀየመኝ» አለች።

«ምን ሆነሻል? ታመምሽ?»

«ደህና ነኝ። ከኋላ መቀመጥ ወድጄው አላውቅም። የሚታየኝ ትከሻህ ነው፤ መንገዱ አይታየኝም። ብቻህን እንዳይከፋህ ብዬ ነው የምወጣው።»

ለረጅም ጊዜ መልስ አጣሁ። ከዚያ እኔም የደበቅኩትን ነገርኳት። ስለ ታክሲው፣ ስለ ጀርባዬ፣ ኤፍ3-ኤስ ላይ ያማረኝ ጠባብ መቀመጫው ስለመሆኑ። ስጨርስ ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ኩባያዋን አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ማን ነው ማንን ሲያጅብ የኖረው?» አለችኝ።

ያልጠበቅኩት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በመልስ ጉዞው አርቲውን እንደ ሌላ ነገር ነዳሁት። ከኋላዬ ያለው መቀመጫ ግዴታ መሆኑ ሲቀር፣ የቀረው ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። ቀና ብዬ ስቀመጥ ወገቤ አልታመመም። መስታወቱን ከፍ ሳደርገው ነፋሱ ከራሴ በላይ አለፈ። በየዓመቱ በጁላይ 4 ሰሞን፣ ከተማ እየቀያየረ ወደሚካሄደው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን የስፖርት በዓል በመንገድ የመሄድ የቆየ ሕልም አለኝ። ዝግጅቱ አትላንታ ላይ ሲውል ከእኛ ሰፈር ከ600 ማይል በላይ ነው። ያን መንገድ በኤፍ3-ኤስ ማሰብ አልቻልኩም፤ በአርቲው ግን ልብሴን፣ የዝናብ ካፖርቴንና ለዘመድ የሚያዝ በርበሬ ጭኜ ስሄድ ታየኝ። ስፖርቱን የፈለግኩት ስፖርትነቱን ወድጄ አልነበረም ማለት ነው። ብቻነትን ነበር የፈለግኩት፤ እሱን ደግሞ የማገኘው አንድ ዓረፍተ ነገር በመናገር ነበር።

በመሐል የቆሙ ሞዴሎችም አሉ። ኤፍ3-ቲ የጎን ሣጥን፣ ኤፍ3 ሊሚትድ ከዚያም በላይ የኋላ ሣጥን የተጨመረላቸው ናቸው። ዝቅ ያለ አቀማመጥ ለሚስማማውና ዕቃ ለሚይዝ ሰው ጥሩ ናቸው። የወገቤን ችግር ግን አይፈቱትም፤ አለፍኳቸው። ያገለገለ አርቲ ገዛሁ። ዋጋው ከአዲሱ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ያንሳል፤ ጎማውንና ቀበቶውን አስመርምሮ መግዛት ብቻ ነው።

ባለቤቴ በበኩሏ ሥልጠናውን ወሰደች፤ ፈቃዱንም አወጣች። ሁለት ጎማ ነድታ ስለማታውቅ የምትረሳው ልማድ የላትም፤ መሪውን ወደምትሄድበት ማዞር ለእሷ የተፈጥሮ ነገር ሆነላት። አርቲው ላይ መቀመጫው 755 ሚሊ ሜትር ስለሆነ እግሯ መሬት በደንብ አይደርስም። የኤፍ3 675 ነው፤ ሁለት እግሯን ዘርግታ ታሳርፋለች፤ የእግር ማሳረፊያውም ወደ እሷ ይቀርብላታል። ሰው ሁሉ ለእሷ ምቾት ሲል አርቲውን ሲመርጥላት ቆይቶ፣ የምትመቻት ስፖርቷ ሆነች። እኔን የመከረኝ ወጣትም ሆነ እኔ፣ እሷን የጠየቃት አልነበረም።

አሁን በኤፍ3 እና ከእሱ በሚያንሰው ራይከር መካከል እያመዛዘነች ነው። ራይከር ማርሽ መቀያየር የሌለበት አውቶማቲክ ነው፤ 600 እና 900 የተባሉ ሁለት ዓይነት አለው፤ ዋጋውም ይቀላል። ቅልጥፍናውን ወዳዋለች፤ አውራ ጎዳና ላይ ከነፋስ የሚከልላት ነገር አለመኖሩ ግን አልተመቻትም። መሸጫው ሄደን ሻጩ ቁመቷንና ልምዷን እኔን ሲጠይቀኝ፣ ወደ እሷ እጠቁመዋለሁ። ቅዳሜ ኤፍ3ን ለሁለተኛ ጊዜ ልትሞክረው ቀጠሮ ይዛለች።