ወይና ደጋ ከተባለ ወይኑ የት ሄደ?

በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ። ይቺን ሳይሸመድድ ከአንደኛ ደረጃ ያለፈ ያለ አይመስለኝም። ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ትንሽ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች ወይና ደጋ ናት፤ ዳባትና ደባርቅ ደጋ ናቸው፤ ከዚያ በላይ ስሜን ተራራ ነው። ፈተና ላይ ይመጣል፣ እንጽፋለን፣ ይታረማል፣ አለቀ። ግን «ወይና» ምንድን ነው ብሎ እጁን ያወጣ ልጅ ክፍላችን ውስጥ አላስታውስም።

ወይን ነው እኮ! ወይን የሚበቅልበት ደጋ። የጥንት ሰዎች ለዚህ አየር ስም ሲያወጡ ጤፍ ደጋ አላሉም፣ ኑግ ደጋ አላሉም። ወይን መረጡ። ሰው ደግሞ በማያውቀው ነገር አገሩን አይሰይምም።

ይህን ነገር ውስጤ የከተተው አንድ ፈረንሳዊ ሽማግሌ ነው። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ሥራዬ ፋሲል ግቢን ማስጎብኘት ነው (ጎብኚ ሲኖር ማለቴ ነው)። ሰውዬው ከባለቤቱ ጋር ከቦርዶ የመጣ ነበር። የዐፄ ፋሲልን ግምብ፣ የታላቁን ኢያሱን ቤት፣ የእቴጌ ምንትዋብን አዳራሽ ዞረን ስንጨርስ ሳቅ አለና «እኛ ዘንድ ትንሽ ወይን ያለው ሁሉ ቤቱን ሻቶ ይለዋል፤ እናንተ እውነተኛ ሻቶ አላችሁ፣ ወይናችሁ ግን የታለ?» አለኝ። ሻቶ በፈረንሳይኛ ግምብ ማለት ነው። በቦርዶ ግን ግምብ ኖረም አልኖረ፣ የወይን እርሻውና መጥመቂያው አንድ ላይ ሻቶ ይባላል። ቀልድ ነበር፣ ስቄም መለስኩለት። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን ማንበብ ጀመርኩ፤ ከዚያም ለወራት አልተውኩትም።

ያልጠበቅሁትን ልንገራችሁ። እኔ የፈረንሳይ ወይን ሲባል የሚታየኝ ከረባት ያሰረ ሰው ብርጭቆ ሲያሽከረክር ነበር። ነገሩ ግን ከገዳም ነው የሚነሳው። በቡርጎኝ አውራጃ ክሎ ደ ቩዦ የሚባል በግንብ የታጠረ የወይን ቦታ አለ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ያለሙት የሲቶ ገዳም መነኮሳት ናቸው። ለቅዳሴ ወይን ያስፈልጋል፣ ለእንግዳ ያስፈልጋል፣ የተረፈው ይሸጣል። መነኮሳቱ ታዲያ ተክለው ብቻ አልተዉትም። የትኛው እርሻ የተሻለ እንደሚሰጥ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተቀባበሉ አጠኑ፣ ቦታውን በድንጋይ አጠሩ። ሃምሳ ሄክታር ገደማ የሆነው ያ ቦታ ዛሬም በዚያው አጥር ውስጥ፣ በዚያው ስም አለ። ቦርዶ ላይም እንዲሁ ነው። የከተማዋ ሊቀ ጳጳስ የነበረው በርትራን ደ ጎት እ.ኤ.አ. በ1305 ፓፓ ክሌመንት አምስተኛ ተብሎ ተሾመ፤ የግሉን የወይን እርሻም ለመንበሩ ተወው። እርሻው እስከ ዛሬ በእሱ ስም ሻቶ ፓፕ ክሌማን ይባላል። ከሰባት መቶ ዓመት በላይ መሆኑ ነው።

ይህን ለአጎቴ ነገርኳቸው። አጎቴ ከዳባት ወጣ ብላ ባለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ቄስ ናቸው፤ ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው።

«መነኮሳት ናቸው የተከሉት ነው የምትለኝ?»

«አዎ አባባ።»

«ለቅዳሴ?»

«ለቅዳሴ።»

ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲያስ የኛው ቢጤ ናቸዋ» አሉ።

የአባባ ነገር የገባኝ ልጅ ሆኜ በድቁና ስላገለገልኩ ነው። ለማያውቅ ላስረዳ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው ወይን የሚዘጋጀው ከዘቢብ ነው። ገና ሳይነጋ ቤተ ልሔም ትገባለህ፤ ቤተ ልሔም ማለት ኅብስቱና ወይኑ የሚሰናዳባት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያለች ቤት ናት። ዘቢቡ ይታጠባል፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይርሳል፣ ይጨመቃል፣ ይጠለላል። የፈላ መጠጥ አይደለም። በዚያ ብርድ ጣትህ እስኪደነዝዝ ዘቢብ መጭመቅ ምን ማለት እንደሆነ የሠራ ያውቀዋል። ልማዱም የትናንት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ አገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የቅዳሴው ወይን ከዘቢብ ተዘፍዝፎ እንደሚዘጋጅ ጽፎ ሄዷል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ዘቢብ የደረቀ ወይን ነው። ወይኑ ቀርቶ ዘቢቡ ብቻ ነው እኛ ዘንድ ያለው። እሱንም የምንገዛው ከገበያ ነው፣ በብዛትም ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ነው። ምእመናን ለስለት ከዕጣንና ከጧፍ ጋር ዘቢብ የሚያመጡት ለዚህ ነው። ስንዴው ከደጃችን ይታጨዳል፤ ዘቢቡ ግን መንገድ ይጠብቃል።

ባለፉት ዓመታት መንገድ በተዘጋ ቁጥር የአባባ ጭንቀት ዘይትና ስኳር አልነበረም። ስልክ በሠራ ቀን የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ዘቢብ የሚልክልኝ ሰው አላገኘህም?» አንድ ጊዜ ከከተማ አንዲት ትንሽ ፌስታል ለማድረስ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶብኛል፤ በሦስት ሰው እጅ አልፋ ነው የደረሰችው። ስንዴም ዘቢብም ሳይኖር ቅዳሴ የለም፤ ይህ እኮ የምቾት ጉዳይ አይደለም። እኛ የከተማ ሰዎች ወይን ሲባል ቅንጦት ይመስለናል።

ቀድሞ ግን እዚሁ ነበር። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር የመጡ አውሮፓውያን ተጓዦች ስለ እንፍራዝና ስለ ይፋግ አካባቢ ወይን ጽፈዋል። ሁለቱም ከጎንደር ወደ ደቡብ፣ ከጣና ምሥራቅ፣ ወይና ደጋ ላይ ናቸው። ከባሕር ዳር በመኪና ስትመጡ ግራ ቀኙን የምታልፉት አገር ነው። ዛሬ እዚያ ሜዳ ላይ ሩዝና ሽንኩርት ነው የምታዩት። ሩዙ ይባረክ፣ አልቃወምም። ግን ተከታታይ ያለው የወይን እርሻ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ስሙ የት ደረሰ?

እዚህ ላይ አንድ የዘመን መግጠም አለ፣ ባነሳሁት ቁጥር ይከነክነኛል። እ.ኤ.አ. በ1855 ናፖሊዮን ሦስተኛ ለፓሪስ ዐውደ ርእይ ብሎ የቦርዶ ወይኖች በደረጃ እንዲቀመጡ አደረገ። ደላሎቹ ተሰብስበው እያንዳንዱ ሻቶ ለዓመታት የተሸጠበትን ዋጋ አይተው መደቡ። ላፊት፣ ላቱር፣ ማርጎ፣ ኦ ብርዮን አንደኛ ወጡ። ሙቶን በ1973 ወደ አንደኛ ደረጃ ከፍ ከማለቱ በቀር መዝገቡ በደረጃ ረገድ ዛሬም ያው ነው። በዚያው ዓመት፣ በ1855 የካቲት፣ ስሜን ውስጥ ደረስጌ ማርያም ላይ ደጃዝማች ካሳ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ እኚሁ ንጉሥ ጎንደርን አስዘረፉ፣ አቃጠሉ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ መጽሐፍ ወደ መቅደላ ተጫነ። በ1888 ደግሞ ድርቡሾች መጡ፤ ከዚያ እሳት የተረፈችው ደብረ ብርሃን ሥላሴ እስከ ዛሬ መነጋገሪያችን ናት። እዚያ ደላላ የዋጋ መዝገብ ሲያገላብጥ እዚህ ቄስ ታቦት ይዞ ይሸሽ ነበር።

«ፈረንሳይስ ጦርነት መቼ አጣች?» የሚል አይጠፋም፤ ልክ ነው። በአብዮታቸው የገዳማቱ መሬት ተወርሷል። ክሎ ደ ቩዦ ራሱ ከመነኮሳቱ ተቀምቶ ተሽጧል፣ ዛሬ ሰማንያ ገደማ ባለቤቶች ተከፋፍለውት አለ። ከ1860ዎቹ ጀምሮም ፊሎክሴራ የምትባል ሥር የምትመጥ ተባይ የአገሪቱን ወይን ልትጨርሰው ነበር፤ መፍትሔው ወይኑን በአሜሪካ የወይን ሥር ላይ ማዳቀል ሆነ። ባለቤቱ ተለወጠ፣ ሥሩ ሳይቀር ተለወጠ። ድንበሩና ስሙ ግን ወረቀት ላይ ቀረ፤ የገዛው ሰውም ወይኑን ነቅሎ ሌላ አልዘራበትም፤ ስሙ ራሱ ገንዘብ ነበረና። እኛ ዘንድ የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ የቤተ ክርስቲያኑም መሬት ሄደ። መሬት ላራሹ መባሉ ለብዙ ገበሬ ፍትሕ ነበር፤ አባቴም በዚያ ነው መሬት ያገኘው። ግን በዚያ ዓዋጅ ሳቢያ ጠፋ የምንለው ወይን እንኳ አልነበረንም። ከዚያ በፊት ነው ያለቀው።

የማልረሳት አንዲት ሴት አለች፤ ጆሴፊን ዲኬም ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1788 ባሏ ሞተ፣ ሻቶ ዲኬምን ብቻዋን ይዛ አብዮቱን አለፈች፣ በ1851 እስክትሞት አስተዳደረችው። ስለ እሷ ሳነብ ቁስቋም ላይ ግምቧን የሠራችው ምንትዋብ ትመጣብኛለች፤ ሁለቱም መበለት፣ ሁለቱም አስተዳዳሪ። የዲኬምን ወይን አሠራር ሳነብ ደግሞ ከወንበሬ ተነሳሁ። ፍሬው ግንዱ ላይ እንዳለ ሻጋታ ይዞት እስኪጨማደድ፣ ውሃው እስኪያልቅ ይጠበቃል። ለቃሚዎቹ ደጋግመው እየተመለሱ የተጨማደደችዋን ፍሬ ብቻ ይለቅማሉ። ዘቢብ ሊሆን ትንሽ የቀረው ወይን ማለት ነው! በ1855ቱ መዝገብ ለብቻው ከሁሉም በላይ የተቀመጠው ጣፋጭ ወይን ይኸው ነው። አባባ ሲሰሙ «ታዲያ ለምን ትንሽ ጠብቀው ዘቢብ አያደርጉትም?» ብለው አሳቁን።

ኢትዮጵያ ውስጥ ወይን ጨርሶ የለም ማለቴ አይደለም። ጉደርንና አክሱሚትን የማያውቅ ሠርገኛ የለም፤ የአዋሽ ወይን ጠጅ ውጤቶች ናቸው። የቦርዶው ካስቴል ኩባንያም ዝዋይ ላይ ከፈረንሳይ የመጣ ወይን ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን አወጣ፤ ሪፍት ቫሊና አካሺያ የሚባሉትን። እርሻውን ከጉማሬና ከጅብ ለመከላከል ዙሪያውን ቦይ እንደቆፈሩ ሳነብ የቡርጎኝ መነኮሳት ይህን ቢያዩ አልኩ። ዝዋይ ከፍታው 1,600 ሜትር ገደማ ነው። እሱም ወይና ደጋ ነው እንግዲህ! ቃሉ አልዋሸም።

ወደ አባባ ልመለስ። ከአራት ዓመት በፊት ከአክስቴ ግቢ አጥር ላይ ከተጋደመው ወይን ስድስት ቁራጭ ቆርጬ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ወሰድኩላቸው። ዳባት ብርዳም ነው፤ ወይን የሚወደው አገር አይደለም። አባባ ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በስተ ታች፣ ነፋስ በማያገኘው የድንጋይ ካብ ሥር ተከሏቸው። ሁለቱ በውርጭ ሞቱ። አንዱን ፍየል በላው። ሦስቱ ካቡን ይዘው ወጡ፣ በሦስተኛው ዓመት ዘለላ ሰጡ። ቀመስኩት፤ እውነቱን ለመናገር ኮምጣጣ ነው። አባባ ግን ዘለላውን በሰፌድ አድርገው፣ ልጅ ወፍ እንዲጠብቅ አስቀምጠው፣ ፀሐይ ላይ አደረቁት። የደረቀው አንድ ጣሳ እንኳ አይሞላም። ጣሳው ዕቃ ቤት ተቀምጧል፤ «መንገድ የተዘጋ ቀን ነው የምነካው» ይላሉ። ስንት ቅዳሴ እንደሚያደርስ ቆጥረውታል፤ ቁጥሩን ግን አይነግሩኝም።

አሁን የሚፈልጉት ከዚህ የተሻለ ዘር ነው፣ ለዚህም ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ይፋግ፣ እንፍራዝ፣ አዲስ ዘመን፣ ማክሰኝት አካባቢ ያደጋችሁ፦ በአያቶቻችሁ ጓሮ፣ በቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ፣ ወይም በድሮ ፍርስራሽ ላይ ማንም ያልተከለው የሚመስል ያረጀ የወይን ሐረግ አይታችሁ ከሆነ ንገሩኝ። ፎቶም ብትልኩ ጥሩ ነው። ቁራጩን እኔ ራሴ መጥቼ እወስዳለሁ፤ ከክረምቱ በፊት ቢሆን ይመረጣል።