ከእንጦጦ ወደ ኤማሁስ

የንባብ ክፍል፦ ሉቃስ 24፥13–35

ሉቃስ በወንጌሉ የመጨረሻ ምዕራፍ ስለ ሁለት ኀዘንተኛ መንገደኞች ይነግረናል። ጌታ በተነሣበት ቀን፣ መነሣቱን ገና ሳያምኑ፣ ኢየሩሳሌምን ወደ ኋላ ትተው ኤማሁስ ወደምትባል መንደር ያዘግሙ ነበር። መንገዱ በዘመኑ መለኪያ ስድሳ ምዕራፍ፣ በእኛ ደግሞ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጌታን ካወቁት በኋላ በዚያችው ሰዓት ተነሥተው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ። ደርሶ መልሱ 22 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ግማሽ ማራቶን 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል ነው። እንግዲህ እነዚያ ሁለት ሰዎች በይሁዳ ኮረብታዎች ላይ በአንድ ቀን ከግማሽ ማራቶን በላይ ተጉዘዋል።

ይህ ስሌት ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን ክፍሉን እንደ አዲስ የከፈተልኝ እርሱ ነው፤ ያን ያህሉን ርቀት በየካና በእንጦጦ ዳገት ላይ ከአንድ ኀዘንተኛ ወዳጃችን ጋር ሮጠነዋልና።

ስሙን አልጠቅስም፤ ታሪኩን እንድጽፍ ግን ፈቅዶልኛል። በቤት ለቤት ኅብረታችን አብሮን ያደገ፣ በመዘምራን ያገለገለ ወንድም ነው። ባለቤቱ በአጭር ሕመም ወደ ጌታ ስትሄድ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው አልተለየውም። ምግቡ በየተራ መጣ፤ ተዘመረ፣ ተጸለየ፣ ቃሉ ተሰበከ። ከዚያ ድንኳኑ ተነሣ፤ ወንበሩ ወደ ዕድሩ ተመለሰ፤ ሰዉም ወደየሥራው ሄደ። እኛ ኢትዮጵያውያን ልቅሶ መድረስን እናውቅበታለን። ስድስተኛው ወር ላይ ግን ጠያቂ የለም።

እርሱም ቀስ በቀስ ከኅብረት ቀረ። ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ የመለሰው ይህን ነበር፦ «ስመጣ ሁሉም ሰው ጥቅስ ይሰጠኛል። ጥቅሱን አውቀዋለሁ። ልቅሶ ቤት እየሄድኩ እኔው ለሰው ስሰጠው የኖርኩት ነው።»

ለዚህ ምን መልስ አለ? ከመካከላችን ቅዳሜ ቅዳሜ የምትሮጥ አንዲት እኅት ብቻ «እሺ፣ ሩጫስ?» አለችው። ጥቂት አሰበና «ሩጫ ብቻ ከሆነ እመጣለሁ» አለ።

እንዲህ ተጀመረ። አምስት ነበርን። ቅዳሜ ሲነጋጋ ኮተቤ ላይ እንገናኝና በየካ ተራራ ደን በኩል ወደ እንጦጦ ሰንሰለት እንወጣለን። መጀመሪያ በሶምሶማ 6 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ 8፣ ከዚያ 12 ሆነ። ግባችን 21ን መሙላት ነበር፤ ግማሹን ወደ ላይ፣ ግማሹን ወደ ታች። ተመዝጋቢ የለው፣ ሜዳሊያ የለው፣ ቲሸርት የለው፤ የአምስት ሰው ግማሽ ማራቶን ነበር።

ያንን አካባቢ የሚያውቅ ሰው ዳገቱን ያውቀዋል። ከተማችን ራሷ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሰባ በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። የዓለም አሸናፊ የሆኑ አትሌቶቻችን እዚያ የሚሠለጥኑት ስለዚህ ነው። እኛን ግን ሌላ ነገር አስተማረን፤ ዳገት ላይ ወሬ የለም። ወንድምህ ሊመክርህ ቢፈልግ እንኳ ትንፋሽ አይበቃውም! አብሮህ ሊሆን ግን ይችላል።

ስለዚህ ነገር ሳስብ የኢዮብ ወዳጆች ትዝ ይሉኛል። በምዕራፍ 2 መጨረሻ ላይ ከየሀገራቸው መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሕመሙ እጅግ እንደበረታ አይተው አንድም ቃል አልተናገሩም። በመጽሐፉ ውስጥ ከሠሩት ሁሉ የተሻለው ይህ ይመስለኛል። በኋላ ግን ተናገሩ። ከተናገሩት ብዙው ከቃል አወጣጡ ስብከት ሊሆን የሚችል ነበር፤ በመጨረሻ ግን እግዚአብሔር ተቆጣቸው።

አትሌቶቻችንም ስለ አብሮነት የሚያውቁት ነገር አለ። ጠዋት በደኑ ውስጥ ስታዩአቸው በባሕር ዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ በአንድ ረድፍ ይሮጣሉ፤ ሁሉም ከፊቱ ያለውን ሰው እግር ይከተላል። ማይክል ክራውሊ የሚባል ከብሪታንያ የመጣ አንትሮፖሎጂስት፣ ራሱም ሯጭ፣ ከእነርሱ ጋር ከአንድ ዓመት በላይ ኖሮና ሮጦ እ.ኤ.አ. በ2020 መጽሐፍ አሳትሟል። ደጋግሞ የሰማው ምክር፣ ለጤና ከሆነ ብቻህን ብትሮጥ ምንም አይደለም፤ መለወጥ ከፈለግህ ግን ከሰው ጋር ሩጥ፣ እግር ተከተል የሚል ነው። የፊተኛው ነፋሱንና ፍጥነቱን ይሸከማል፤ የኋለኛው ያርፋል፤ ከዚያ ይፈራረቃሉ። ጳውሎስ በገላትያ 6 አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ሲያዝ፣ በእኛ ደን ውስጥ ትርጉሙ ይህ ይመስለኛል።

ደራርቱ ቱሉን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2009 በኒውዮርክ ማራቶን፣ በ37 ዓመቷ፣ ከመሪዎቹ ጋር እየሮጠች ሳለ የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ፓውላ ራድክሊፍ በሕመም ወደ ኋላ ስትቀር አየቻት። ተቀናቃኟ ናት፤ ቢቀርባት ይሻላት ነበር። ደራርቱ ግን ፍጥነቷን ቀንሳ ነይ፣ አይዞሽ አለቻት። ፓውላ መከተል እንዳልቻለች ስታይ ወደ ፊት ሄደች፤ ውድድሩንም አሸነፈች። የተናገረችው ጥቂት ቃል ነው። ክብደት የሰጠው ከጎኗ ሆና መናገሯ ነው።

21 ኪሎ ሜትሩን የሞላንበት ቅዳሜ መጣ። ወደ ላይ ስንወጣ እንጨት ተሸክመው ወደ ከተማ የሚወርዱ እናቶች አጋጠሙን። እንጦጦን የምታውቁ ታውቋቸዋላችሁ፤ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ከቁመታቸው በላይ ጀርባቸው ላይ ጭነው፣ ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ። ለእነርሱ ዳገቱ ስፖርት አይደለም፤ እንጀራ ነው። አንዲት እናት ከሸክሟ ሥር ቀና ብላ አየችንና «በርቱ፣ ልጆቼ» አለችን። ማን ማንን ማበርታት እንደነበረበት እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ከላይ ዞረን ስንመለስ፣ አሥራ ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወዳጃችን ቆመ። አንድ ባሕር ዛፍ ያዘና አለቀሰ። ሁላችንም ቆምን። ማንም ጥቅስ አላነሣም፤ ትንፋሹም አልነበረንም። አንዱ እጁን ትከሻው ላይ አደረገ። ብዙ ቆይቶ «ቅዳሜ በዚህ ሰዓት ቁርስ ታቀርብ ነበር» አለ። ከዚያም ስለ እርሷ መናገር ጀመረ። እንዴት እንደምትስቅ፣ ቡናው ሲፈላ የምትዘምረውን መዝሙር ግጥሙን ሁልጊዜ እንደምታሳስተው፣ ሆስፒታል የነበሩበትን የመጨረሻ ሌሊት። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል በእግራችን ሄድን፤ እርሱ ተናገረ፣ እኛ ሰማን። ከዚያ ፊቱን ጠረገና መሮጥ ጀመረ። ፊት የነበረው እርሱ ነው፤ እኛ አራታችን እግሩን ተከተልን።

እንግዲህ ወደ ኤማሁስ እንመለስ። ጌታ ያደረገውን በቅደም ተከተል ተመልከቱ። መጀመሪያ ቀርቦ አብሯቸው ሄደ። ቀጥሎ ስለ ምን እንደሚነጋገሩ ጠየቃቸው። በኢየሩሳሌም የሆነውን ከእርሱ በላይ የሚያውቅ ማን ነበር? መስቀሉ የእርሱ፣ መቃብሩም የእርሱ ነው። ሆኖም አላቋረጣቸውም፤ ኀዘናቸውንና የተሰበረ ተስፋቸውን እስከ መጨረሻ አስወራቸው። መጻሕፍትን የተረጎመላቸው ከዚያ በኋላ ነው። ዝምታ ብቻውን ወንጌል አይደለም፤ ጌታም ዝም ብሎ አልቀረም። ቃሉ ልባቸውን ያቃጠለው ግን አስቀድሞ ስለ ሰማቸው ጭምር ይመስለኛል።

ሌላም አለ። ሁለቱ ሰዎች ይሄዱ የነበረው ከደቀ መዛሙርቱ ጉባኤ እየራቁ ነው። አቅጣጫቸው ትክክል አልነበረም። ጌታ በኢየሩሳሌም በር ቆሞ ሲመለሱ እቀበላቸዋለሁ አላለም፤ እየራቁ ሳሉ አብሯቸው ራቀ። ወደ ኋላ የተመለሱት ማንም ጎትቷቸው ሳይሆን ጌታን ስላወቁት ነው። ያወቁትም እንጀራውን ሲቆርስ ነው።

የዚያን ቀን ኮተቤ ላይ አንዲት ትንሽ ቁርስ ቤት ገብተን ፉልና ጨጨብሳ አዘዝን። ምግቡ ሲመጣ ወዳጃችን ዙሪያውን አየንና «አንዳችሁ ጸልዩ። አጭር ይሁን» አለ። አጭር ነበር። እርሱም ዓይኑን ጨፈነ።

«ታዲያ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሰ?» ትሉ ይሆናል። እሑድ ገና አልመጣም። ቅዳሜ ግን አንድም ቀን አልቀረም። እኛም መቼ ትመጣለህ ብለን አንጠይቀውም፤ ስለ እርሱ መጸለይን ግን አልተውንም። የት እንደሚደርስ ጌታ ያውቃል።

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ከድንኳኑ በኋላ የቀረ ሰው በአጠገባችሁ ይኖራል። ሁሉም ሯጭ መሆን የለበትም፤ ቡና አብሮ መጠጣት፣ ገበያ አብሮ መውጣት፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማምጣት ይቻላል። ስድስተኛው ወር ላይ ሂዱ። ከመናገራችሁ በፊት ጠይቁት፤ ከጠየቃችሁት በኋላም እስኪጨርስ ስሙት።

አንተ ወይም አንቺ ደግሞ ገና ጌታን የምትፈልጉ፣ ወይም አውቃችሁት የራቃችሁ ከሆናችሁ፣ መንገዱን አስተካክላችሁ እስክትመጡ የሚጠብቃችሁ አይምሰላችሁ። የኤማሁሱ መንገደኛ ዛሬም በተሳሳተው መንገድ ላይ ከሰው ጋር ይሄዳል። የሚከብዳችሁን ንገሩት። ቁጣም ቢሆን፣ ልቅሶም ቢሆን ይሰማል።

እንጸልይ፦ ጌታ ሆይ፣ ኀዘን ባጎበጣቸው አጠገብ እንድንሄድ ትዕግሥት ስጠን። ስንናገር ቃልህን፣ ዝም ስንል መገኘትህን በእኛ ግለጥ። ዛሬ ከአንተ እየራቀ ለሚሄደው ሰው በመንገዱ ላይ ቅረበው። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።