አንድ ሮቶ ማር ስንት ኩንታል ይመዝናል?

እዚህ አሜሪካ ልጆቻችን የሚያድጉት በፓውንድና በጋሎን ነው። ኪሎና ሊትር ለእነሱ የሳይንስ ክፍል ነገር ነው። እኛ ግን ሥጋ በኪሎ፣ ዘይት በሊትር፣ ጤፍ በኩንታል ሲገዛ እያየን ነው ያደግነው። የቤት ሥራ ሲመጣ ቶሎ ወደ እንግሊዝኛ የምንዞር ወላጆች ብዙ ነን፤ ለዚህኛው ግን በአማርኛ ብንቆይ ይሻላል ባይ ነኝ።

የሰባተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ዴንሲቲ እየተማረች ነው። በአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት እፍግታ ይሉታል፤ አንድ ነገር በያዘው ቦታ ውስጥ ምን ያህል ጥቅጥቅ ብሏል እንደማለት ነው። የማር እፍግታ በሴንቲ ሜትር ኩብ 1.42 ግራም ያህል ነው። በሜትር ኩብ ስንት ኪሎ ይሆናል? ልጄ 0.00142 ብላ ጻፈች። ግራሙን ለ1000 አካፍላ ኪሎ አደረገችው፤ ሴንቲ ሜትር ኩቡን ግን አልነካችውም።

አዲስ አበባ አያቷ ግቢ ያለውን ጥቁር ሮቶ ታውቀዋለች። 1000 ሊትር ይይዛል፤ ይህም ልክ አንድ ሜትር ኩብ ነው። “ይህን ሮቶ ሙሉ ማር ሁለት ግራም እንኳ አይሞላም እያልሽኝ ነው” ስላት፣ “እንዴ! አያቴ በአንድ ጣቷ ታነሳዋለቻ!” ብላ ሳቀች።

ስሌቱ የመጣው ከሳቁ በኋላ ነው። አንድ ሜትር 100 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ግን 100 ሴንቲ ሜትር ኩብ አይደለም። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 100፣ ከፍታው 100፤ ሲባዛ 1,000,000 ትንንሽ ኩቦች ይሆናል። እያንዳንዷ 1.42 ግራም ማር ከያዘች ጠቅላላው 1,420,000 ግራም፣ ማለትም 1420 ኪሎ ነው። አሥራ አራት ኩንታል ከሃያ ኪሎ! ውሃ ቢሆን አሥር ኩንታል ገደማ ነበር። “በ1000 አባዛ” የሚባለው አቋራጭ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ሚሊዮን ለሺህ ሲካፈል ሺህ ይሆናል። አቋራጩን ብቻ ለሚያስተምሩ መምህራን አልፈርድም፣ ጊዜ የላቸውም። የኩሽና ጠረጴዛ ግን ጊዜ አለው።

በሊትር ሲሆን ደግሞ ቁጥሩ አይለወጥም፤ አንድ ሊትር ማር 1.42 ኪሎ ነው። ከአገር ቤት ማር ለሚያመጣ ሰው ይህቺ ትጠቅማለች። ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን 7.1 ኪሎ ማር ይይዛል። ሦስት ጀሪካን 21.3 ኪሎ። የተፈቀደው 23 ኪሎ ቢሆን፣ ሻንጣው ራሱ ስንት ይመዝናል?