ቀዩ መብራት ሲጠፋ

ለመሆኑ በምጣዳችሁ ጎን ያለችው ትንሽ ቀይ መብራት ስትጠፋ ምን ይመስላችኋል? «ኤሌክትሪኩ ተቋርጧል» የምትሉ ከሆነ፣ እኔም እስካለፈው የገና ሰሞን ድረስ የእናንተ ብጤ ነበርኩ። ያ እምነት ልጄን ሊያሳጣኝ ምንም አልቀረውም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የስምንት ዓመት ልጄን ይዤ ገናን ላሊበላ፣ አጎቴ ቤት ነበር ያከበርኩት። አጎቴ የቆዩ ራዲዮ ጠጋኝ ናቸው። ቅዳሜ ገበያ ሲቆም ከላስታ ገጠር የሚመጣው ሰው ዝም ያለ ራዲዮውን እሳቸው ዘንድ ያራግፋል። ከጠረጴዛቸው ላይ በዕድሜ እኔን የሚበልጥ፣ በቫልቭ የሚሠራ የቮልት መለኪያ ተቀምጧል። ግንባሩ ላይ አንድ መርፌና አንዲት ቀይ መብራት አሉት።

በዓሉ ባለፈ ማግሥት ጋሼ የመለኪያውን ክዳን ከፍተው መርፌውን ሲያስተካክሉ ደንበኛ ጠራቸውና ወደ ደጅ ወጡ። ልጄ ተጠግቶ፣ «እማዬ፣ ጠፍቷል?» አለኝ። ቀዩዋን መብራት አየሁ፤ አትበራም። «አዎ፣ ጠፍቷል» አልኩት። እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ።

«እጅህን!» የሚል ጩኸት ከበሩ ተሰማ። ልጁ ደንግጦ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ጋሼ መጥተው የመለኪያውን ሽቦ ከአንድ ባትሪ ድንጋይ ጋር ሲያገናኙት መርፌው ተነሥቶ 1.5 ቮልት ላይ ቆመ። «አየሽ ልጄ፣ የጠፋው መብራቱ ነው እንጂ መሣሪያውማ ሥራ ላይ ነው» አሉኝ። ውስጡ 220 ቮልት ነበረ። ጉልበቴ ከዳኝ።

ከዚያ በኋላ ስሕተቴ ከየት እንደመጣ አሰብኩ። በዋዜማው ከቤተ ገብርኤል ሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ በሚወስደው ጨለማ ዋሻ ስናልፍ ጧፋችን መሀል መንገድ ላይ ጠፍቶብን ነበር። ጧፍ ሲጠፋ እሳቱም አብሮ ይጠፋል፤ ማንንም አያቃጥልም። እኛ በጧፍና በኩራዝ ያደግን ሰዎች ይኸንኑ ልማድ ይዘን ወደ ኤሌክትሪክ መጣን። በኤሌክትሪክ ዕቃ ግን መብራቷ ምልክት ብቻ ናት፤ ምልክቱ ሲሞት ኀይሉ አብሮ አይሞትም።

ጋሼ ብልሽቱን ሲፈልጉ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። አስቀድመው ሶኬቱን ከግድግዳው ነቀሉ። ወዲያው ግን አልነኩትም፤ በውስጡ ካፓሲተር የሚባሉ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ዕቃዎች ስላሉ ከተነቀለም በኋላ ሊመታ ይችላል። ቡናው ተፈልቶ አቦል እስኪጠጣ ቆዩና በሌላ ትንሽ መለኪያ ባዶ መሆኑን አረጋገጡ።

«መርፌውም መብራቱም ቢሞቱ ኖሮ ፊውዙንና ገመዱን እንፈልግ ነበር። መርፌው ደኅና ከሆነ ግን በሽታው እዚችው መብራት ዙሪያ ነው» አሉ። ይህች መብራት እንደ ተራ አምፖል የምትግል ሽቦ የላትም። በ1898 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ የተገኘው ኒዮን የተባለ ጋዝ የተሞላች ናት። ለመብራት ከ60 እስከ 90 ቮልት ገደማ ይበቃታል፤ ስለዚህ 220ው እንዳያጠፋት ሬዚስተር የሚባል መግቻ አብሯት ይገባል። ስታረጅ በውስጧ ያሉት ሁለት ብረቶች እየተበሉ መስተዋቱን ያጠቁሩታል። መጀመሪያ ትርገበገባለች፤ ኋላም ጨርሳ ትጠፋለች። የጋሼ መብራት እንዳልተወለወለ ፋኖስ ጠቁራ ተገኘች። ሬዚስተሩ ሲለካ ደኅና ነበር። ከአሮጌ ምጣድ የተረፈች ሌላ ኒዮን በየዱበትና ሶኬቱ ሲሰካ መብራቷ በራች።

እንግዲህ እናቶችና እኅቶች፣ «ምጣዱ እስካሞቀ ድረስ መብራቱ ምን ያደርግልናል?» አንበል፤ ባለሙያ ጠርተን እናስለውጠው። ምጣድም ሆነ ካውያ ስናጸዳ ሶኬቱን እንንቀል። ብልሽት ካለም ራሳችን አንክፈተው። በየቤታችን ያለው ቴስተር የተባለው ካቻቢቴም ብዙውን ጊዜ ይችኑ ኒዮን የያዘ ነው። ቴስተሩ ሞቶ ከሆነ ኀይል ያለውን መስመር ባዶ ነው ይለናል። ስለዚህ ጠጋኝ ቤታችን ሲመጣ፣ አስቀድሞ በሚሠራ ሶኬት ላይ ይሞክረው፤ ከዚያ የሚጠግነውን መስመር ይፈትሽ፤ ተመልሶም በሚሠራው ላይ ይሞክረው። ዛሬ በብዙ ዕቃዎች በኒዮን ፋንታ ኤልኢዲ የተባለው መብራት ገብቷል፤ ጥንቃቄው ግን ያው ነው። አባቶች «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ያሉት ያለ ነገር አይደለም።

ልጄ ከላሊበላ ከተመለስን ወዲህ አነጋገሩን ለውጧል። ካውያውን አስቀምጬ ስነሣ፣ «እማዬ፣ ጠፍቷል?» አይለኝም። «እማዬ፣ ሶኬቱ ተነቅሏል?» ይለኛል። እኔም መልስ ከመስጠቴ በፊት ዞር ብዬ ግድግዳውን አያለሁ።