ዘጠኙ ነጥብ የማን ነው?

ሰበታም ይሁን ቡራዩ ወይም ሱሉልታ፣ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ የአርሰናልና የማንቸስተር ጨዋታ አልቆ ወሬው ወደ ብሔራዊ ቡድናችን ከዞረ አንድ ክርክር አይቀርም። ዋልያዎቹን ለ2014ቱ የካሜሩን አፍሪካ ዋንጫ ያበቃቸው ማን ነው? አብርሃም መብራቱ ወይስ ውበቱ አባተ? ድምፅ ከፍ ይላል፣ የታዘዘው ማኪያቶ ይቀዘቅዛል፣ የሚረታ ግን የለም።

ክርክሩ ሌላ ከተማም አለ። ሰበታ ላይ ግን የቤት ጉዳይ ነው። ሁለቱም አሰልጣኞች የከተማዋን ክለብ ይዘዋል፣ ያውም ተቀያይረው። በ2012 ሰበታ ከተማ በፕሪሚየር ሊግ ሲጫወት አሰልጣኙ ውበቱ ነበር፤ ብሔራዊ ቡድኑ ደግሞ በአብርሃም እጅ ነበር። ፌዴሬሽኑ የአብርሃምን ውል ሳያድስ ቀረና በ2013 መጀመሪያ ውበቱን ከሰበታ ወሰደ። ሰበታ በበኩሉ አብርሃምን ቀጠረ። ሁለቱ ሰዎች ወንበር ተለዋወጡ ማለት ነው።

የአብርሃም ወገኖች ክርክራቸውን የሚጀምሩት ከባህር ዳር ነው። ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 አሸነፈች፤ ጎሎቹን ሱራፌል ዳኛቸውና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ምድቡ ሲጠናቀቅ ኢትዮጵያ 9 ነጥብ፣ ማዳጋስካር 8 ነጥብ ነበራቸው። የባህር ዳሩን 3 ነጥብ ቀንሱና ካሜሩንን እርሷት ይላሉ። ሂሳቡ ትክክል ነው።

ሌላም ቁጭት ይጨምራሉ። አብርሃም በመጋቢት 2010 የመንን በጦርነት መሀል ለእስያ ዋንጫ አሳልፏል። ውድድሩ ሲደርስ ግን የየመን አሰልጣኝ ሆኖ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ስሎቫኪያዊው ያን ኮቺያን ነበር። በሁለት አህጉር ዘርቶ በሁለቱም አጨዳውን ሌላ ሰው የወሰደበት ሰው እንዴት ይረሳል? ጥያቄው ይከብዳል።

የውበቱ ወገኖችም መልስ አላቸው። ከ9 ነጥብ ውስጥ 6ቱ የማን ናቸው? ሰውዬው ቡድኑን የተረከበው ኮሮና ሊጉን አሰርዞ ተጫዋቾች ለወራት ቤታቸው በተቀመጡበት ጊዜ ነው። ኒያሜ ላይ በኒጀር 1 ለ 0 ተሸነፈ፣ ከአራት ቀን በኋላ ያንኑ ኒጀር አዲስ አበባ ላይ 3 ለ 0 መለሰ። መጋቢት 15 ቀን 2013 ደግሞ ማዳጋስካር ባህር ዳር ላይ 4 ለ 0 ተሸኘች። ኳሱን ከኋላ ጀምሮ በእግር የሚያወጣ፣ ሳይፈራ የሚጫወት ቡድን ያየነው ያኔ ነው ይላሉ። በሰኔ 2014 ሊሎንግዌ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈው ቡድንም የእሱ ነው። ይህም ትክክል ነው።

እዚህ ላይ ከሦስተኛው ጠረጴዛ አንድ ቀልደኛ አይጠፋም። «ኒጀርስ?» ይላል። ቀልዱ እውነት አለው። በመጨረሻው ቀን፣ መጋቢት 21፣ ኢትዮጵያ አቢጃን ላይ 3 ለ 1 እየተመራች ሳለ ዳኛው ሜዳ ላይ ወድቆ 80ኛው ደቂቃ አካባቢ ጨዋታው ተቋረጠ። ያሳለፈን ማዳጋስካርና ኒጀር ያለ ጎል መለያየታቸው ነው። ማዳጋስካር አንድ ጎል ብታገባና ብታሸንፍ ኖሮ ዛሬ የምንከራከረው በማን ጥፋት እንደቀረን ነበር።

ክሩን ትንሽ ብንስበው ደግሞ ሁለቱ ወገኖች ከሚያስቡት በላይ የተጠላለፉ ናቸው። በአብርሃም ቡድን ኮትዲቯር ላይ ያገባው ሱራፌል ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በፋሲል ከነማ የውበቱ ተጫዋች ነበር። ሽመልስ በቀለና ጌታነህ ከበደ በ2005 ደቡብ አፍሪካ ላይ የሰውነት ቢሻው ልጆች ነበሩ፤ ያ ቡድን ከ31 ዓመት በኋላ ኢትዮጵያን ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሰ ነው። አቡበከር ናስር በ2013 በሊጉ 29 ጎል አግብቶ የጎል ክብረ ወሰን ሲሰብር ያሰለጠነው የኢትዮጵያ ቡናው ካሳዬ አራጌ ነው። አንዱን ጡብ ከሥር ብትመዙ ሌላው ይወድቃል።

ይህን የሱሉልታ ሰው ለማስረዳት ብዙ አይቸገርም። ጠዋት መንገዱን የሚሞሉት ሯጮች ናቸውና አሯሯጭ ምን እንደሆነ ልጁም ያውቃል። አሯሯጩ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበለ፣ ሰዓቱን እየጠበቀ ይመራል፣ ከዚያ ከመንገዱ ይወጣል። ሪባኑን የሚበጥሰው ሌላ ነው። ሱሉልታ ውስጥ ግን «አሯሯጩ ነው ያሸነፈው» ወይም «አሯሯጩ ምንም አልሠራም» የሚል ሰው ይሳቅበታል። ቡራዩም የራሷ ምሳሌ አላት። ገፈርሳ እዚያ ተቀምጦ አዲስ አበባን ያጠጣል፤ ቧንቧ የሚከፍተው ሰው ግን ውሃው ከየት እንደመጣ አይጠይቅም።

ታዲያ እግር ኳስ ላይ ስንደርስ ለምን አንድ ባለቤት ካልተገኘ እንላለን? ምስጋና ቢያንስ ወይም ቢበዛ ምን ይጎዳል የሚል ይኖራል። ይጎዳል። ድሉን በሙሉ ለአንድ ሰው የሰጠ ሽንፈቱንም በሙሉ ለዚያው ሰው ያሸክማል። ቡድኑ ሲያልፍ «ውበቱ!» የተባለለት ሰው በ2015 ቡድኑ ሲቸገር ብቻውን ተጠያቂ ሆኖ ሄደ። ከዚያ በኋላ ገብረመድኅን ኃይሌ መጣ፣ ቀጥሎ መሳይ ተፈሪ። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር «እንደገና መገንባት» ይባላል። ቤቱ አንድ ነው፤ መሠረቱ ግን ሁልጊዜ አዲስ ይቆፈራል። ያለፈው አሰልጣኝ ያስቀመጠውን የማይቆጥር ሀገር ከዜሮ መጀመርን እንደ ሥራ ይቆጥረዋል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን በክርክሩ መሀል ስሟ የማይነሳው ሰበታ ናት። ክለቡ ሊጉን ሲቀላቀል የመጀመሪያው ዓመት በኮሮና ተሰረዘ። ቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት ሊጉ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ስለተካሄደ ደጋፊው ቡድኑን ያየው በቴሌቪዥን ነው። ለብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ሰጠ፣ ከብሔራዊ ቡድን የተሰናበተውን ተቀበለ። ዋልያዎቹ ካሜሩን በሄዱበት በዚያው 2014 ደግሞ ሰበታ ከተማ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። በ2015 ከተማዋ ራሷ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር ሸገር ከተማ ውስጥ ገባች።

የካሜሩኑን ድል ለአብርሃም ወይም ለውበቱ ለመስጠት እስከ ምሽት የሚከራከር ጠረጴዛ፣ የሰበታ መውረድ የማን ነው ብሎ አምስት ደቂቃ አልተከራከረም። ሁለቱ አሰልጣኞች ምስጋናቸውን ቢካፈሉ አይጎዱም፤ 3 እና 6 ተደምሮ ነው 9 የሆነው። ቀጣዩ ሱራፌል ግን የሚወጣው ከክለብ ነው፣ ክለብ ደግሞ የሚቆመው በሰፈሩ ሰው ነው። የሚቀጥለው ክርክር እዚያ ላይ ቢሆን ማኪያቶው ቢቀዘቅዝም አይቆጭም።